ወፍረሻል

በሶ ሲሸተኝ ሳቅ ይቀድመኛል። ባለፈው ቅዳሜ ሞርስ ሮድ ላይ ካሉት የሐበሻ ግሮሰሪዎች አንዱ ገብቼ ሚጥሚጣ ስፈልግ፣ ባለሱቋ ለአንዲት ደንበኛ የበሶ ከረጢት ከፈተች። የተቆላው ገብስ ሽታ መጣና ብቻዬን በሳቅ ፍርፍር አልኩ። ባለሱቋ ቀና ብላ አየችኝ።

«ምነው እናቴ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ፤ በሶው ነው» አልኳት።

የባሰ ግራ ገባት። እኔም አንድ ከረጢት ገዝቼ ወጣሁ። ምን ብዬ ላስረዳት? የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ንስሐ ገብቼ የተሰጠኝ ቀኖና በሶ መብላት ነበር ብላት ማን ያምነኛል?

ያኔ የምንኖረው እዚሁ ኦሃዮ፣ ኖርዝላንድ የሚባለው ሰፈር፣ ከግሮሰሪው ጀርባ ካሉት አፓርትመንቶች በአንዱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አባቴ ትራክ ስለሚነዳ ቤት የሚገኘው እንደ እንግዳ አልፎ አልፎ ነው። እናቴ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች። ኮሮና የገባ ዓመት እሷ ወደ ሥራ ስትወጣ እኔ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፕ ከፍቼ እቀመጣለሁ፤ ትምህርት ቤት ማለት እሱ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ካሜራቸውን ያጠፋሉ። የእኔ እናት ግን «ከአስተማሪ ተደብቆ መማር ነውር ነው» ብላ ስላስማለችኝ የእኔ ሁልጊዜ ክፍት ነው። እናም ቀኑን ሙሉ የማየው አስተማሪዋን ሳይሆን ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችውን ራሴን ነው። ሒሳብ እየተማርኩ ጉንጬን አያለሁ። ሳይንስ እየተማርኩ አገጬን አያለሁ። ዓመቱ ሲያልቅ ስለ ክፍልፋይ የማውቀው ጥቂት ነበር፤ ስለ ጉንጬ ግን ፈተና ብትሰጡኝ አንደኛ እወጣ ነበር።

እትዬ ሙሉ የመጡት በዚያ ማግስት፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2021 ሰመር መግቢያ ላይ ነው። የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ስልሳን ሊደፍኑ ትንሽ ሲቀራቸው ዲቪ ደረሳቸው፤ ከዚያ ኮሮና ኤምባሲውን አዘግቶባቸው «ዕድሌን ቫይረስ በላው» እያሉ ሲያለቅሱ ከርመዋል። ኤርፖርት ልንቀበላቸው ስንሄድ እናቴ አበባ አስያዘችኝ። በሩ ተከፈተና አንዲት ግዙፍ ሴት ሁለት ማስክ ደራርበው፣ ሻንጣቸውን እየገፉ ብቅ አሉ። እናቴን እንኳ ሳይስሙ በቀጥታ ወደ እኔ መጡ። ከላይ እስከ ታች አዩኝና ጉንጬን በሁለት እጃቸው ጨምቀው፣ ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ እስኪያየን ድረስ ጮኹ።

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! ብሌኔ፣ ወፍረሻል! እንዴት አማረብሽ!»

ቃሉን የተናገሩት በአማርኛ ነው። የእኔ ጆሮ ግን በአምስት ዓመቱ ኦሃዮ የገባ ጆሮ ስለሆነ እንግሊዝኛ አድርጎ ተቀበለው። በእንግሊዝኛ ደግሞ ይህንን ፊት ለፊት የሚናገር ሰው ሊጣላ የመጣ ሰው ብቻ ነው። እናቴ ትስቃለች፣ እትዬ ሙሉ በደስታ ያለቅሳሉ፣ እኔ አበባዬን እንደያዝኩ አስባለሁ። ውቅያኖስ አቋርጠው መጥተው መጀመሪያ ያዩት ጉንጬን ከሆነ፣ ነገሩ እኔ ከማስበውም በላይ ከባድ ነው ማለት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያቺ ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለች።

እትዬ ሙሉን መጥላት ግን አይቻልም። መኝታ ቤቴን ተካፈልን። ሲያንኮራፉ ያድሩና ጠዋት «አንቺ ልጅ፣ ስታንኮራፊ አደርሽ» ይሉኛል። ዌርሃውስ፣ ማለትም የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ሥራ እስኪያገኙ ድረስ ቀኑን ሙሉ አብረን ነን። አንድ ቀን ሻንጣቸውን አልጋ ስር ሲከቱ፣ እናቴ ዓምና ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ማስክ ስትሰፋ የተረፋትን የላስቲክ ጥቅል አገኙ።

«ይኼ ምን ይሠራል እዚህ?»

«የማስክ ላስቲክ ነው።»

«ሂጂ ወዲያ! ይኼ ሱዚ ነው!»

ፓርኪንጉ ላይ ወረድን። ላስቲኩን ክብ አድርገው ቋጥረው፣ በአንድ በኩል በመብራት ምሰሶው፣ በሌላ በኩል አንድ ሰው ጥሎት በሄደው የግሮሰሪ ጋሪ ወጠሩት። ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸጎጥ አድርገው ዘለሉ። ያ ሁሉ ሰውነት እንዴት ከመሬት እንደተነሳ እስከ ዛሬ አይገባኝም! ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ወገብ፤ ላስቲኩ ከፍ ባለ ቁጥር እሳቸውም ከፍ። በመጨረሻ ጋሪው ተንሸራቶ ሲሄድ ላስቲኩን ይዞ፣ እትዬ ሙሉንም ይዞ ሣሩ ላይ ዘረጋቸው። ተዘርግተው ሳቁ። ከታችኛው ፎቅ ያሉት የሶማሌና የኔፓል ልጆች ሳቁን ሰምተው ወጡና ተሰለፉ። ያ ሰመር ሲታወሰኝ የሞቀው አስፋልት ሽታ፣ የላብ ሽታ፣ እትዬ ሙሉም ማንም በማይሰማው አማርኛ «ነካሽ! ወጥተሻል!» እያሉ ዳኛ ሲሆኑ ይታየኛል።

ነሐሴ ላይ ፍልሰታ ገባች። እትዬ ሙሉ «አገር ቤት ፍልሰታን ሕፃናቱ ሁሉ ናቸው የሚጾሟት» አሉ፤ እኔም «እጾማለሁ» አልኩ። እናቴ በደስታ የምትገባበት ጠፋት። እውነቱን ለመናገር እመቤታችንን እያሰብኩ አልነበረም፤ የማስበው ጉንጬን ነበር። ፍልሰታ ተፈታ፣ እኔ አልፈታሁም። ጽጌ ገባች። እሷ የፈቃድ ጾም ናት፣ የሚጾማት የሚፈልግ ብቻ ነው፤ እኔ ጾምኩ። ከዚያ ነቢያት ተከተለ። የኛ ጾም ብዙ ስለሆነ መሸሸጊያ ለሚፈልግ ሰው አያልቅበትም። ትምህርት ቤት ምሳ ሲቀርብ ጾም ነው እላለሁ፤ ቤት ስገባ በልቻለሁ እላለሁ።

እሑድ እሑድ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች እናቴን ከበው «ምን ብታበያት ነው እንዲህ የምትጾመው? የእኛዎቹ ፒዛ ካልሆነ አይቀምሱም» ይሏታል። እናቴ «እግዚአብሔር ሰጥቶኝ ነው» ትላለች። እኔን ግን ቀስ በቀስ ብርድ ገባኝ፤ ክፍል ውስጥ ጃኬቴን አላወልቅም። እትዬ ሙሉ ላስቲኩን ይዘው «ነይ እንጂ!» ሲሉኝ «አይም ታየርድ» እላለሁ። ሳቄ የት እንደሄደ እንጃ። እንደዚያ ጊዜ ብዙ አልቅሼ አላውቅም፤ ለምን እንደማለቅስ እንኳ አላውቀውም ነበር።

ገና ሊደርስ ሲል ከስኩል ባስ ወርጄ ወደ ቤት ስራመድ ቀኝ እግሬ ቀጭ አለ። አልወደቅኩም፣ በረዶም አልነበረም። ከዚያ በፊት ለብዙ ጊዜ ሲያመኝ ቆይቷል፣ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ። እያነከስኩ ገባሁ። እትዬ ሙሉ ጫማዬን አውልቀው አዩና ወዲያው ፈረዱ።

«ወለምታ ነው! ቅቤ አምጡ!»

«እትዬ፣ ዶክተር ብንወስዳት…» አለች እናቴ።

«የምን ዶክተር? እናታችን ስንቱን ወለምታ አሽታ ያዳነች ሴት! እጇን ያወረሰችው ለእኔ ነው።»

ለገና መፍቻ የተቀመጠውን ቅቤ ከፍሪጅ አውጥተው፣ በመዳፋቸው አሙቀው ማሸት ጀመሩ። ጮህኩ። ሁለቱም ከሕመሙ መሰላቸው። ሕመሙማ ነበር፤ ግን ያስጮኸኝ ሌላ ነው። ቅቤው በቆዳዬ ሰርጎ ይገባና ሄዶ ጉንጬ ላይ ይወጣል ብዬ ነበር። «ጾም ነው! ጾም ነው!» እያልኩ እግሬን ስጎትት፣ እትዬ ሙሉ ወደ እናቴ ዞረው በአድናቆት «አየሻት? እግሯ እንኳ እንዲገድፍ አትፈልግም!» አሉ።

በማግስቱ እግሬ ጫማ አልገባ አለ፤ እናቴ ከሥራ ቀርታ ሆስፒታል ወሰደችኝ። በኮሮና ምክንያት አብሮ የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ስለነበር እትዬ ሙሉ ፓርኪንግ ላይ መኪና ውስጥ ቀሩ። ራጅ ሊያነሱኝ ሲሉ ላቤ መጣ። ራጅ ሰው ውስጥ ያለውን ሁሉ ያሳያል ሲባል ሰምቻለሁ፤ እንግዲያው ሆዴንም ያሳያል፣ ሆዴ ውስጥም «በልቻለሁ» ያልኩት ቁርስ የለም። የሚያነሳው ሰውዬ እግሬን ብቻ እንደሆነ ሲነግረኝ አላመንኩትም። ጃኬቴን ሆዴ ላይ ከምሬ ተቀመጥኩ።

ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። ወለምታ አይደለም፣ አጥንቱ ተሰንጥቋል አለች። ሳይወድቁ አጥንት መሰንጠቁ አሳሰባትና ሌላ መሣሪያ ላይ አስተኝታ የወገብና የዳሌ አጥንቴን አስለካች። ከዚያ ለእናቴ በጎማ የሚሄድ ስክሪን ገፍተው አመጡ። ስክሪኑ ላይ እንደ ዜና አንባቢ የሚናገር አማርኛ አስተርጓሚ አለ።

«ሐኪሟ እንደሚሉት የልጅዎ የአጥንት ጥግግት ከዕድሜዋ አንፃር ዝቅተኛ ነው» አለ።

«ጥግ ምን?» አለች እናቴ።

ሰውየው ትንሽ አሰበ። «ውፍረት፣ እመቤቴ። የአጥንቷ ውፍረት። አጥንቷ ከስቷል ማለት ነው።»

«አጥንትም ይከሳል እንዴ?»

«ይከሳል ይላሉ። አጥንት ሕይወት አለው፣ ይበላል፣ ያድጋል። የሚገነባው ደግሞ አሁን፣ በዚህ ዕድሜ ነው። ምግብ ሲያጣ መገንባቱን ያቆማል። አሁን የጎደለውን በኋላ መሙላት ከባድ ነው፤ ስልሳ ዓመት ሲሞላት ነው ጉዱ የሚታየው።»

ስልሳ ዓመት ለእኔ የእትዬ ሙሉ ዕድሜ እንጂ ሰው ሁሉ የሚደርስበት ዕድሜ አልነበረም። እኔ ስልሳ እንደምሞላ ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት። ሐኪሟ የወር አበባዬ መቼ እንደቆመ ጠየቀች። እናቴ መቆሙንም አታውቅም ነበር። ከዚያ አመጋገቤን ጠየቀች፤ እዚህ ላይ እናቴ ቀና አለች።

«ልጄ ጾመኛ ናት» አለች በኩራት። «ከፍልሰታ ጀምሮ ነው። ከዚያ ጽጌን፣ በመካከል ረቡዕና ዓርብን፣ አሁን ደግሞ ነቢያትን…»

እየቆጠረች ሄዳ መሀል ላይ ድምፅዋ ወረደ። ዞር ብላ አየችኝ። ጃኬቴን ገለጥ አድርጋ ክንዴን በእጇ ያዘችና ሳትለቀው ቆየች። ሐኪሟ ምግብ የሚያስፈራኝ ሕመም ስም እንዳለው፣ የእግሬ ብቻ ሳይሆን የሐሳቤም ጭምር እንደሆነ፣ ብዙ ልጆች እንደሚይዛቸውና እንደሚድን ነገረችን። እኔ ደግሞ፣ ይገርማችኋል፣ ቅልል አለኝ። ለካ መሸሸግ ደክሞኝ ኖሯል።

እግሬ የተሰበረ አጥንት የሚይዝ ትልቅ ግራጫ ቡት አጥልቆ ወደ መኪናው ተመለስን። እትዬ ሙሉ መስኮት ዝቅ አድርገው «ምን አሉ?» አሉ።

«አጥንቷ ከስቷል፤ መወፈር አለበት አሉ» አለች እናቴ ዓይኗን እየጠረገች።

«ምን ሆና ትከሳለች? ስመጣ እኮ…»

«እርስዎ ነዎት!» ብዬ ጮህኩ። «እርስዎ ነዎት ወፍረሻል ያሉኝ! ኤርፖርት ላይ! ሰው ሁሉ እየሰማ!» ያን ያህል እየጮህኩ «እርስዎ» ማለቴን አልተውኩም፤ እናቴ እንዴት እንዳሳደገችኝ እዩ።

እትዬ ሙሉ በጣታቸው ራሳቸውን ጠቆሙ።

«እኔ? እኔ እኮ አማረብሽ ማለቴ ነው! ደህና ነሽ፣ ጠግበሽ አድገሻል፣ ቤትሽ ሰላም ነው ማለቴ ነው! እኛ አገር ከስተሻል ነው እኮ የሚያስለቅሰው!»

«እዚህ እንደዚያ አይደለም!»

መኪናው ውስጥ ገባን። ማሞቂያው ይነፋል። እትዬ ሙሉ እጃቸውን ዘርግተው ቡቱን ዳበስ ዳበስ አደረጉት።

«ጉድ እኮ ነው። እኔ እግርሽ መስሎኝ በቅቤ አሻለሁ፣ ለካ ወለም ያለው አፌ ኖሯል። የአፍ ወለምታ ደግሞ በቅቤ አይታሽም» አሉና ማልቀስ ጀመሩ። እናቴ ተከተለች። እኔም ተጨመርኩ። ሦስታችን ስንነፋረቅ አንድ የፓርኪንግ ጥበቃ መስኮት አንኳኩቶ ደህና መሆናችንን ሲጠይቅ፣ እትዬ ሙሉ በዚያን ጊዜ በሚያውቋት ብቸኛ እንግሊዝኛ «ኖ ፕሮብሌም!» ብለው መለሱለትና ሁላችንም በእንባችን ላይ ሳቅን። ከወራት በኋላ የሳቅኳት የመጀመሪያ ሳቄ እሷ ናት።

በዚያው ሳምንት የነፍስ አባታችን ቤት መጡ። እናቴ ሁሉንም ነግራቸዋለች። ንስሐዬን ተቀብለው ሲያበቁ ወደ ሳሎን ወጡና ሦስታችንም እየሰማን ቀኖናዬን ተናገሩ።

«የታመመ ሰው ጾም የለበትም፤ ቤተ ክርስቲያንም አታዝዘውም። ቀኖናሽ ቁርስ ነው፣ ምሳ ነው፣ እራት ነው። በመካከልም ሐኪሟ ያዘዘችሽን ትበያለሽ። እስክትድኚ ድረስ ዐቢይ ጾምም ቢመጣ አትጾሚም።»

«አባ፣ ስግደትስ?» አለች እናቴ፤ ቀኖና ያለ ስግደት አይጥማትም።

«እግሯ ተሰብሮ የምን ስግደት ነው!»

እትዬ ሙሉ በዚህ መሀል ተነስተው ቆሙ። «አባቴ፣ ለእኔም ቀኖና ይስጡኝ፤ በአፌ ነው ያሳመምኳት።» አባ ጢማቸውን እየዳበሱ አሰቡ። «እንግዲያው እርስዎ ያቺን ቃል ይጹሙ። ብሌን ራስዋ ይፍቱ እስክትልዎ ድረስ ከአፍዎ አትውጣ» አሏቸው።

በየሳምንቱ የማነጋግራት የሥነ ልቦና ባለሙያ ከጊዜ በኋላ እንዳስረዳችኝ አንድ ቃል ብቻውን ሰው አያሳምምም፤ ሕመሙ ከላፕቶፑ ዘመን ጀምሮ ሲዞረኝ ኖሯል። ይህን ለእትዬ ሙሉ ነገርኳቸው። «ይሁን፣ እኔ ግን ጾሜን አልፈታም» አሉ።

እናም በ2022 የቤታችን ሥርዓት ተገለበጠ። ሁልጊዜ የምጾመው እኔ መብላት ጀመርኩ፣ ሁልጊዜ የሚያወሩት እትዬ ሙሉ ቃል ይውጡ ጀመር። ማንም ሰው በር ከፍቶ ሲገባ አፋቸው ለምዶባቸው «ውይ! ወ…» ይሉና አፋቸውን በእጃቸው ይዘው «ወ… ወዴት ጠፍተሽ ነው!» ብለው ያዞሩታል። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሙሉ ምን ነካት ሳይሉ አልቀሩም።

መብላቱ ቀላል አልነበረም። ሳህን ፊት ተቀምጬ እንባዬ የሚወርድባቸው ጠዋቶች ነበሩ፤ አንድ ቀንም እንቁላሉን ከነሳህኑ ገፍቼ ሰብሬያለሁ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ የባሰው መጣ፤ ቤቱ ሁሉ ይጾማል፣ እኔ ብቻ እገድፋለሁ። እትዬ ሙሉ ያኔ ነው ዘዴ የዘየዱት። ጠዋት ዌርሃውስ ከመሄዳቸው በፊት በሶውን በቅቤና በማር ያሹታል፤ ወጥ ቤቱ በተቆላ ገብስ ሽታ ይሞላል። ከዚያ ጭብጦውን ይዘው ይመጣሉ።

«ብሌኔ፣ እኔ እንዳልቀምስ ጾም ነው። ጨው ይነሰው ይብዛው እንጃ። ቅመሽልኝ እስቲ።»

እቀምሳለሁ። «ትንሽ አንሷል።»

ጨው ጣል አድርገው እንደገና ያሹና «አሁንስ?» ይላሉ።

«አሁን ደህና ነው።»

«ማሩስ? እንዲያው በደንብ ቅመሺው፣ የማር ነገር በአንድ ጉርሻ አይታወቅም።»

እንዲህ እየቀመስኩ፣ እየፈረድኩ፣ ጭብጦው ያልቃል። እያታለሉኝ እንደሆነ በሁለተኛው ቀን ገብቶኛል። ግን ለእሳቸው ስል መቅመስ ለራሴ ከመብላት ይቀል ነበር። እንዲያውም ዳኝነቱ ጣመኝ፤ «ዛሬ ገብሱ አሯል» ብዬ እስከ መተቸት ደረስኩ። «እዩልኝ፣ የምግብ አለቃ!» ብለው ሲስቁ፣ ጾመኛ ሆድ ይዘው የእኔን ቅቤ ሲያሹ የነበሩ ሴት መሆናቸው ልቤን ይነካዋል። ዛሬም ይነካኛል።

ሰመር ሲመጣ እግሬ ድኗል። ሐኪሟ መጠነኛ ዝላይ ለአጥንት ጥሩ ነው ብላ ፈቀደች። እትዬ ሙሉ ይህን ሲሰሙ «ሱዚ በሐኪም ታዘዘ!» እያሉ ደረጃውን ወረዱ። ከቁርጭምጭሚት ጀመርን። ጉልበት ላይ ስደርስ የሶማሌዎቹና የኔፓሎቹ ልጆች አጨበጨቡልኝ። ሰውነቴ ከመሬት ተነስቶ ተመልሶ ሲያርፍ ድው ይላል፤ ያ ድምፅ ደስ ይለኝ ጀመር።

ዓመት ሲሞላ አጥንቴን እንደገና ሊለኩ ቀጠሩን። በረዶ ይጥል ነበር፤ እትዬ ሙሉ እንዳምናው መኪና ውስጥ ቀሩ። በዚህኛው ቀን ስክሪኑን ሊያመጡ ሲሉ «አስተርጓሚ አያስፈልግም፤ እኔ አለሁ» አልኩ። ሐኪሟ ውጤቱን አየችና ፈገግ አለች። አጥንቴ ከዓምናው በደንብ ተሽሏል፤ ግን ገና እኩዮቼ ጋ አልደረሰም፣ የጎደለው ሁሉ ይመለስ እንደሆነም ከአሁኑ ማረጋገጥ አይቻልም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ልጠብቀው ይገባል። ሁሉንም ሳላስቀር ለእናቴ ተረጎምኩላት። «ጥግግት» የምትለዋን ቃል ዘልዬ «ውፍረት» አልኩ።

በረዶውን እየረገጥኩ ወደ መኪናው ሮጥኩ። እትዬ ሙሉ በሩን ከፍተው ወጡ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል፣ ለመጠየቅ ፈርተዋል።

«እትዬ፣ ወፍሯል!»

«ማን?»

«አጥንቴ!»

አፋቸው ተከፈተ፣ ተዘጋ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ቃሏ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሳ ስትንቀጠቀጥ አየኋት። ዓመት ሙሉ የጾሙ ሴት፣ አሁንም ሳልፈቅድላቸው አይገድፉም።

«ይፍቱ፣ እትዬ» አልኳቸው።

ጉንጬን በሁለት እጃቸው ጨመቁ፤ እጃቸው ይሞቅ ነበር።

«ወፍረሻል!» ብለው ጮኹ። ፓርኪንጉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። «እሰይ የኔ ልጅ! ወፍረሻል! ወፍረሻል!»

እኔም ያን ቀን ቃሏን በአማርኛ ሰማኋት።